ጣሪያ ላይ የተሰጣው ባትሪ

የአያቴን መርዶ የሰማሁት በወጉ ነው። የምሠራው ሰመራ ነው፤ እዚህ አንድም የሥጋ ዘመድ የለኝም። ወንድሜ ኦብሳ ግን በስልክ ሊያረዳኝ አልፈለገም። የምካፈልባትን ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ስልክ አፈላልጎ አገኘ፤ እሳቸውም ሁለት እህቶች አስከትለው ጎህ ሲቀድ በሬን አንኳኩ። በዚያ ሰዓት እንግዳ አይመጣም። ሽማግሌው ሳይቀመጡ "እህቴ፣ መጀመሪያ እንጸልይ" ሲሉኝ መርዶ መሆኑ ገባኝ። አለቀስኩ፣ ጸለይን፣ ሻይ አፍልተው ከእኔ ጋር ዋሉ። ቀብሩ ተፈጽሞ ስለነበር ልሂድ ብልም የምደርስበት ነገር አልነበረም።

አያቴ አርጅተው ነበር። ጌታ ዕድሜ ሰጥቷቸዋል፣ በእምነታቸው እንደጸኑ ሄደዋል፤ ይህን እያልኩ ተጽናናሁ። ያልተዘጋጀሁት ከመርዶው በኋላ ኦብሳ ደውሎ ለነገረኝ ነገር ነው።

"ሌሊሴ፣ መኪናዋ ተገኘች።"

"የቷ መኪና?"

"ቀይዋ ናታ! የእኔዋ። ጎጆ፣ አካኮ ሣጥን ውስጥ፣ በጋቢ ተጠቅልላ። ደግሞ ስሚ፣ ሆዷ ውስጥ ምን እንዳለ..."

ኔትወርኩ እዚያ ላይ ተቋረጠ። ደጋግሜ ሞከርኩ፤ የምትመልስልኝ ያቺ የደወልኩላቸውን ደንበኛ ማግኘት እንደማልችል የምትነግረኝ ሴት ብቻ ነበረች። ስልኩን ይዤ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ውጭ ነፋሱ አሸዋውን ጣሪያው ላይ ይበትነዋል። የጋለ ቆርቆሮ ሽታ አለው። ያ ሽታ ነው ወደ አምቦ፣ አሥራ አንድ ዓመት ወደ ሞላኝ መስከረም የወሰደኝ።

አካኮ የምንላቸው የአባቴን አባት ነው፤ በኦሮምኛ አያትን እንዲህ ብለን ነው የምንጠራው። ጎጆ በሚባል፣ ብርዱ አጥንት ድረስ በሚገባበት ደጋ አገር፣ ገብስና ድንች እያረሱ ነው የኖሩት። በዚያ ክረምት መጨረሻ አባቴ ሄዶ ወደ አምቦ አመጣቸው። ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶት ነበር። እናቴ ጤና ጣቢያ ነርስ ነበረች፤ ከመስቀል በኋላ ሞራ የሚገፍፉ ሐኪሞች እንደሚመጡ ሰምታ ቀድማ አስመዘገበቻቸው። እስከዚያ ድረስ እኛ ጋር መቆየት ነበረባቸው። የቤታችን ጭንቀት ሁሉ ይህ ነበር፤ ይቆዩልን ይሆን? አካኮ ቁጭ ብሎ መብላት እንደ ሕመም የሚያማቸው ሰው ነበሩ።

"ምን ልሥራ?" ይሏታል እናቴን ጠዋት ጠዋት።

"ምንም አባባ። ይረፉ።"

"ከምኑ ነው የማርፈው?"

ከዚያ በረንዳው ላይ ፊታቸውን ወደ ፀሐይ አዙረው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ይቀመጣሉ። ከአጠገባቸው የሬዲዮናቸው ድንጋዮች በሰሌን ላይ ይሰጣሉ። ያለቀ የባትሪ ድንጋይ በእኛ ዘንድ ወዲያው አይጣልም። ፀሐይ ሲመታው ይውላል፤ ከዚያ በጥርስ ይነከሳል፣ ወይም በጠጠር ቀስ ተደርጎ ይቀጠቀጣል፤ ከዚያ ደግሞ ጥቂት ምሽት ያናግራል። አባቴ እንኳ፣ መዝገብ ቤት የሚሠራውና ክራቫት የሚያስረው ሰውዬ፣ የእጅ ባትሪው ሲደክምበት ድንጋዩን አውጥቶ ነከስ ነከስ አድርጎ ይመልሰው ነበር።

እኔ ታዲያ አካኮም ዓይናቸውን ፀሐይ እየሞሉ ይመስለኝ ነበር። ሐኪሞቹ የሚመጡት ሊነክሱላቸው ይሆን እያልኩ እጨነቃለሁ። ማንንም አልጠየቅኩም፤ ብቻ ማታ ማታ ስጸልይ "ጌታ ሆይ፣ ቀስ ብለው ይንከሷቸው" እል ነበር።

የሬዲዮናቸው ነገር ራሱ አንድ ትርዒት ነበር። ከጀርባው የቀርከሃ ቱቦ ታስሮበታል፤ በቱቦው ውስጥ ትርፍ ድንጋዮች ተደርድረዋል፤ ከዚያ ሁለት ሽቦ ወጥቶ ወደ ሬዲዮኑ ሆድ ይገባል። "ብቻቸውን ሲሆኑ ይደክማሉ" ይሉናል። "ሲሰለፉ ይደጋገፋሉ።"

መኪናዋን የላከችው ኩዌት የምትሠራው አክስታችን ናት። ቀይ ናት፤ የድመት ግልገል ታህላለች፤ በሪሞት ትሄዳለች። በሰፈራችን እንደ እሷ ያለ ታይቶ አይታወቅም። ኦብሳ ያኔ ስምንት ዓመቱ ነው፤ አቅፏት ይተኛ ነበር። ደስታው ግን ሳምንት አልሞላም። ቻርጅ ላይ ሳለች መብራት ጠፍቶ ቆየና ሲመለስ ኃይሉን ጨምሮ መጣ። ባትሪዋ ነደደ። አባቴ ሱቅ ለሱቅ ዞሮ "የዚህ ባትሪ እንኳን አምቦ አዲስ አበባም አይገኝ" ተብሎ ተመለሰ። ኦብሳ ምሳውን እንቢ አለ፤ ራቱንም እንቢ አለ።

በማግስቱ አካኮ ከበረንዳው ጠሩት።

"ኮቱ፣ ና እስቲ አንተ ልጅ። ይህቺ ነገርህ ሬዲዮ ናት?"

"መኪና ናት አካኮ!"

"ድንጋይ የሚበላ ሁሉ ሬዲዮ ነው። አምጣት።"

ከመናኸሪያው ጀርባ ሞባይል የሚጠግን ሰው ነበር። የተጣሉ የስልክ ባትሪዎች፣ እነዚያን ጠፍጣፋዎቹን፣ በፌስታል ሞልቶ ለእኔና ለኦብሳ ሰጠን። አካኮ አንድ በአንድ በምላሳቸው ጫፍ ቀመሷቸው። "ይሄ ሞቷል። ይሄም ሞቷል። ይሄ... እህ፣ ይሄ ገና ይኮመጥጣል።" የሞቱትን ወደ ግራ፣ የሚኮመጥጡትን ወደ ቀኝ። ዞር ሲሉ እኔም አንዱን ቀመስኩ። ምላሴ ላይ ልክ የአምቦ ውሃ ሆነብኝ፤ ያው ንዝረት፣ ያው የብረት ጣዕም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ለረጅም ጊዜ፣ መብራት የሚመነጨው እዚያው አምቦ ውሃ ከሚፈላበት ቦታ ነው ብዬ አምን ነበር።

ሽቦው ከተበላሸ ምድጃ ገመድ ወጣ። ማሰሪያው የእናቴ ፕላስተር ነው። አካኮ ዓይናቸው ሳይሆን ጣታቸው ነበር የሚያየው፤ ሽቦውን በጥፍራቸው ልጠው እንደ ፀጉር ይጎነጉኑታል። ሽቦውና ባትሪው የሚነካኩበት ቦታ ላይ ግን የብር ወረቀት ያስፈልጋል አሉ፤ ሲጋራ የሚጠቀለልበትን ዓይነት። በቤታችን ሲጋራ ስሙም አይነሳም። እኔን ላኩኝ። ፑል ቤቱ ደጃፍ ላይ የተጣለ ፓኮ አንስቼ፣ ወረቀቱን አለስልሼ፣ ማንም እንዳያየው ብዬ መጽሐፍ ቅዱሴ ውስጥ ከተትኩት። እናቴ በዚያው ምሽት ለጸሎት ስትገልጠው ከመዝሙረ ዳዊት መሃል ወደቀ። አነሳችው፣ አሸተተችው።

"ሌሊሴ! ይሄ ምንድነው?"

"የአካኮ ነው" አልኩ።

እናቴ ቀስ ብላ ወደ እሳቸው ዞረች። "አባባ... እርስዎም ደግሞ ሲጋራ?"

አካኮ እስኪያስላቸው ሳቁ። "በዚህ ዕድሜዬ ልጀምር ብዬ ነው ልጄ!"

እናቴ ከአማቷ ፊት ስትስቅ ያየሁት ያኔ ነው፤ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ።

በሁለት ባትሪ መኪናዋ እንደ ኤሊ ተጎተተች። ሦስተኛውን ሲያሰልፉላት ከኦብሳ እጅ አምልጣ በረንዳውን አቋርጣ ሄዳ ጀሪካኑን ገጨች፤ ዶሮዎቹ ተበተኑ። አካኮ ጎንበስ ብለው፣ ጆሮአቸውን ወደ ድምፁ አዘንብለው ይከተሏታል።

"የት ደረሰች?"

"በሩ ጋ!"

"አሁንስ?"

"ተመለሰች አካኮ! ወደ እርስዎ እየመጣች ነው!"

በእግራቸው መሃል አለፈች። ቀና አሉ። "ቀይ ነገር አለፈ" አሉ ቀስ ብለው። "አየሁት። ቀይ ነው።"

የዚያን ቀን ማታ አባቴ የጸሎቱን ተራ ለእሳቸው ሰጣቸው። ረጅም ጸሎት የሚያበዙ ሰው አልነበሩም። "ዋቃዮ፣ ዛሬ ሥራ ስለሰጠኸኝ ተመስገን" አሉና አሜን አልን። ኋላ ጓዳ ውስጥ እናቴ ለአባቴ "አሁንስ ይቆዩልናል" ስትለው ሰማሁ።

ባትሪዎቹን እየፈታን በአባቴ አሮጌ ስልክ በየተራ እንሞላቸው ነበር። መስቀል ሲቃረብ ግን የሰፈራችን ትራንስፎርመር ተቃጠለና ጨለማ ዋጠን። መኪናዋም ቆመች። ኦብሳ ሊያለቅስ ሲል አካኮ "ፀሐይ አለች አይደል?" አሉት። እውነትም አንድ ቀን በረንዳው ላይ አስጥተዋቸው ጥቂት ሄዳላቸው ነበር፤ ከበረንዳው እስከ በሩ። ስለዚህ ማንም አልተጠራጠረም። አባቴም፣ እናቴም፣ የሞባይል ጠጋኙ ሰውዬም ቢኖር የሚጠራጠር አይመስለኝም። ድንጋይ ድንጋይ ነው፤ ሲደክም ፀሐይ ላይ ይሰጣል።

ቅዳሜ ነበር። እናቴ የኳየሩን አዲስ ልብስ አጥባ ከኩሽናው ጣሪያ ሥር ባለው ገመድ ላይ አስጥታዋለች፤ በማግስቱ ሊዘምሩበት ነው። ጣሪያው ዝቅ ያለ ነው። አካኮ የታሰሩትን ባትሪዎች የበለጠ እንዲግሉ ብለው ቆርቆሮው ላይ አስቀመጧቸው። እናቴ ወደ ሥራ ስትወጣ አየቻቸው። "አባባ፣ ነፋስ እንዳይጥላቸው የሆነ ነገር ይጫኑባቸው" አለች። ይህን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ከዚያ ሄደች።

እኩለ ቀን ላይ አካኮ በርጩማ ላይ ቆመው ዳሰሷቸው። "ደንድነዋል" አሉ። ጠጠር አምጡልኝ አሉ፣ አመጣንላቸው። ለሬዲዮናቸው ድንጋይ ዕድሜያቸውን ሙሉ እንዳደረጉት ቀስ አድርገው ቀጠቀጧቸውና መልሰው አስቀመጧቸው።

መጀመሪያ የሰማነው የአምቦ ውሃ ጠርሙስ ሲከፈት የሚያሰማውን ድምፅ ነው። ፍሽሽ። ኦብሳ ሳቀ። ከዚያ ነጭ ጭስ፣ ጣፋጭ ሆኖ ጉሮሮ የሚይዝ ሽታ፣ ቀጥሎ እሳት። ባትሪው እሳት እየተፋ ከጣሪያው ተንሸራቶ ልብሶቹ ላይ ወደቀ። ናይለን ነበሩ፤ እንደ ሻማ ቀለጡ። አካኮ እሳቱ የት እንዳለ በደንብ አይታያቸውም። በጆሮአቸው ተከትለው በባዶ እጃቸው ያዙት። "ልጆቹ! ልጆቹን አርቁ!" ይሉ ነበር፤ እኛ ግን ርቀን ነበር። ጎረቤቶች አፈር በትነው አጠፉት።

እናቴ መጣች። አልጮኸችም። እጃቸውን በቀዝቃዛ ውሃ አጠበች፣ ቅባት ቀባች፣ በጥንቃቄ ጠቀለለችው። የተቃጠሉትን ልብሶች አጣጠፈች፤ የሚታጠፍ ነገር ባይቀራቸውም። ከዚያ ከፊታቸው ተንበርክካ፣ በጣም በለሰለሰ ድምፅ፣ "አባባ፣ እባክዎ፣ ከእንግዲህ ምንም ነገር አይንኩብኝ። ዝም ብለው ይቀመጡልኝ" አለቻቸው።

"እሺ ልጄ" አሉ።

ብትጮህባቸው ኖሮ ይሻል ነበር። ይህን ያወቅኩት አድጌ ነው። ያኔ የገባኝ ነገር ቢኖር አካኮ ራታቸውን እንዳልበሉ ብቻ ነው፤ እጃቸው ስላመማቸው መስሎኝ ነበር።

በማግስቱ እሑድ "እጄን ይጠዘጥዘኛል፣ እናንተ ሂዱ" አሉን። ከአምልኮ ስንመለስ በረንዳው ባዶ ነበር። የጎረቤት ሰው መናኸሪያ ድረስ እንዲያደርሳቸው ለምነውት በጎጆ መኪና ሄደዋል። ሬዲዮናቸው የለም፣ ጋቢያቸው የለም። ማታ ኦብሳ ሲፈልግ መኪናዋም ከነሪሞቷ የለችም። እናቴ ጥላት ነው አለ። እናቴ "አልጣልኩም" አለችው፤ ከዚያ በላይ አልተከራከረችም፤ እሱም ለብዙ ጊዜ አላመናትም። እኔ ግን አካኮ የበረታ ድንጋይ ሊያመጡ ጎጆ የሄዱ መስሎኝ፣ የጎጆ መኪና በሚገባበት ሰዓት በር ላይ እቆም ነበር።

ሐኪሞቹ ሊመጡ ሳምንት ነበር የቀረው። አባቴ ሊያመጣቸው ሄደ። "እጄ ይዳን፣ ከዚያ" አሉት። እጃቸው ሲድን ሐኪሞቹ ሄደው ነበር። ቀጥሎ ደግሞ መንገዱ ሲከፈት ሲዘጋ፣ ትምህርት ቤት ሲከፈት ሲዘጋ ጊዜው ሄደ። ኋላ አዲስ አበባ ተወስደው ሲመረመሩ ከሞራው ሌላ የዓይን ግፊት እንዳለባቸውና ነርቩን እንደጨረሰው ተነገረን። ቀድሞ ቢታይ ኖሮ አሉ። እናቴ ይህን የሰማች ቀን ሥራ አልገባችም።

ጎጆ እየሄድን እንጠይቃቸው ነበር። የእሳቱን ነገር ማንም አያነሳም፤ በአዛውንት ፊት እንዲህ ያለ ነገር አይነሳም። አንድ ጊዜ ግን እሳቸው ራሳቸው አነሱት። ኦብሳ አጠገቤ ተቀምጦ ወተት ይጠጣል። አካኮ ፊታቸውን ወደ እሱ ሳይሆን ወደ አባቴ አዙረው፣

"ልጁ ያቺን መኪናውን ያነሳታል?" አሉ።

አባቴ እንዳያዝኑ ብሎ ፈጥኖ፣ "ኧረ ረስቷታል አባባ! አሁንማ ኳስ ብቻ ነው። አይጨነቁ" አለ።

"ረሳት?" አሉ አካኮ። ቆይተው "ደግ ነው" አሉ። እጃቸው ሣጥናቸው ክዳን ላይ ነበር። ከዚያ እጃቸውን አነሱ።

ሌላም ነገር ትዝ ይለኛል። ስንሄድ ሁልጊዜ ለሬዲዮናቸው ድንጋይ እንወስድላቸዋለን፤ ትልልቆቹን። እሳቸው ግን "ትናንሾቹንም ጨምሩልኝ" ይሉ ነበር። አባቴ ይስቃል። "አባባ፣ ሬዲዮኑ እኮ ትልቁን ነው የሚበላው!" መንገድ ላይ ደግሞ ለእናቴ በሹክሹክታ "እያረጁ ነው፣ ይምታታባቸዋል" ይላታል። ትናንሾቹን አንድም ቀን አልወሰድንላቸውም።

ኔትወርኩ በተቋረጠ በማግስቱ ኦብሳ መልሶ ደወለ።

"ሆዷ ውስጥ ምን እንዳለ ልነግርሽ ነበር። ቀርከሃ ሰንጥቀው ገንዳ ሠርተውላታል ሌሊሴ። ትናንሽ ድንጋይ ተደርድሮበታል። ጫፉ ላይ የእስክሪብቶ ስፕሪንግ። በጎማ ቁራጭ ታስሯል። ሪሞቷ አብሯት ነው።"

"ዝጎ ይሆናል..."

"አልዛገም! ድንጋዩ አዲስ ነው። ስጫነው ሄደች። ለቀስተኛው መሃል ገብታ እናታችን እግር ሥር ቆመች። እናታችን አንስታ ጭኗ ላይ አስቀመጠቻት፤ እስክንነሳ ድረስ አላወረደቻትም።"

ከዚያ ድምፁ ተለወጠ።

"ሣጥኑ ሥር ከረጢት አለ። ያለቁ ትናንሽ ድንጋዮች ሞልተውበታል፤ የስንት ዓመት እንደሆነ እንጃ። ሁሉም ላይ የጥርስ ምልክት አለ።"

እዚህ ላይ እርግጠኛ ልሁን ብዬ ለእናቴ ደውዬ ጠየቅኳት። አካኮ ጥርሳቸው ከረገፈ ዘመናት አልፎታል፤ ገንፎና ወተት ነበር ምግባቸው። ድንጋይ ሊነክሱ አይችሉም። ዓይናቸውም አያይም።

ስለዚህ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው፤ በእነዚያ ዓመታት ጎጆ ከአካኮ ጋር ለነበራችሁ። ጎረቤት ትሁኑ፣ ባለ ሱቅ፣ ወይም በደጃቸው የምታልፉ። አንድ ሰው ትናንሾቹን ድንጋዮች ገዝቶላቸዋል። አንድ ሰው ቀዩን ሽቦ ከጥቁሩ ለይቶ በጣታቸው አስይዟቸዋል። አንድ ሰው ሲደክሙ ነክሶላቸዋል፤ ወንድሜ ረስቷታል ከተባለም በኋላ፣ እኛ ዝም ባልንበት ዘመን ሁሉ፣ መኪናዋ ለመሄድ ዝግጁ ሆና እንድትጠብቅ ረድቷቸዋል። እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ለዚያ ሰው የምከፍለው ነገር የለኝም፤ የምለምነው ግን አለኝ። ኦብሳን አግኙት፣ ወይም እናቴን፣ እና ንገሯቸው። መኪናዋን አስነስታችሁላቸው ታውቃላችሁ? አካኮ ጎንበስ ብለው፣ ጆሮአቸውን አዘንብለው "የት ደረሰች?" ሲሉ፣ እባካችሁ፣ ማን ይመልስላቸው ነበር?